የጠቆረችው ጣውላ

«እሷ ናት ያጠበችው፤ ጽዳቷ። እኔ መች አዘዝኳት? በገዛ እጇ ነው» ሲል ሰማችው እስከዳር። ተናጋሪው የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ መሳፍንት ነው። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ባልዲና መጥረጊያ በሚቀመጥበት ጠባብ ጓዳ ውስጥ ጎንበስ ብላ ጨርቅ እየጨመቀች ነበር። መጭመቋን አላቋረጠችም፤ የውሃው ጠብታ እንዳይሰማባት ብቻ ጨርቁን ወደ ባልዲው አፍ አስጠጋችው። ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እዚሁ ጓዳ በር ላይ ቆሞ፣ «ያ ዘይት ሙልጭ ብሎ ይታጠብ! ነገ አባ ወልደ ገብርኤል ጠበል ሊረጩ ሲገቡ ቢያዳልጣቸው ማን ሊጠየቅ ነው?» ያላት ይኸው ሰውዬ ነው። አንዳንድ ሰው ዓይኑን በጨው ያጥባል ሲባል እስከዳር ብዙ ጊዜ ሰምታለች፤ ሲታጠብ በጆሮዋ የሰማችው ግን ያን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ የብርጓል በእህል ንግድ ጥርሳቸውን የነቀሉ፣ ከደምበጫ እስከ ቁይ ያለውን የጤፍ ገበያ በስልክ የሚያሽከረክሩ ሴት ናቸው። ሆቴሉን ሠርተው ሲጨርሱ ወንድማቸው አቶ ፍሥሐ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ አንድ የቆየ የቦውሊንግ ቤት ተዘግቶ ሁለት ዓመት እንደሆነውና ዕቃው በርካሽ እንደሚሸጥ ነገራቸው። ጨዋታው ከባድ ኳስ በረጅም ጣውላ ላይ አንከባልሎ፣ ከወዲያኛው ጫፍ የቆሙትን አሥር ጠርሙስ መሰል ፒኖች መጣል ነው። እትዬ የብርጓል ጨዋታው አልገባቸውም። በደብረ ማርቆስ ያለ ሌላ ሆቴል እንደሌለው ግን ወዲያው ገባቸው። ስለዚህ ሁለት መስመር ጣውላ ከነፒኑና ከነኳስ መመለሻው ሐዲድ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ ኳሶቹ በኋላ ይመጣሉ ተባለ፤ አናጢ ሲቀጠቅጥበት ከርሞ አለቀ፤ ከተማውም «የኳስ ቤት» ብሎ ሰየመው። ምርቃቱ ዛሬ፣ በጥር የመጨረሻው እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ የሚለቀው አቶ ፍሥሐ ሲሆን፣ ለዚሁ ብሎ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ የራሱን ኳስ ይዞ መጥቷል። ጠዋት ሊሞክረው ቢለቀው ኳሱ ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ዳሩ ላይ ካለው ቦይ ገባ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ሰውዬው ተንበርክኮ ጣውላውን በጣቱ ዳሰሰና «ዘይቱ የት ሄደ?» ብሎ ጮኸ። ለካ ዘይቱ ቆሻሻ ሳይሆን የጨዋታው አንድ አካል ኖሯል። አብሮ የመጣችው አንዲት ጀሪካን ደግሞ መሳፍንት የጣውላ ማወዣ መስሎት እንደ ሠርግ ወጥ ሲያፈስባት ሰንብቶ አልቃለች፤ ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ቀን ይፈጃል።

«ዛሬ እንግዳ ፊት ግርግር አልፈልግም» አሉ እትዬ የብርጓል ከመጋረጃው ወዲያ። «እንግዳው ይሸኝ። ከነገ ጀምሮ ግን ልጅቷ እንዳትገባ።»

እስከዳር ይህንንም ሰማች፤ ጨርቁን ገመድ ላይ ሰቀለች። ወጥቼ ልናገር ወይ ብላ አንዴ መጋረጃውን ያዝ አድርጋ ነበር። ምን ብላ ትናገር? በወር አራት መቶ ሃምሳ ብር የምታገኝ ጽዳት ሥራ አስኪያጁን ውሸታም ልትል ነው? የቤት ኪራይዋ ሁለት መቶ ነው፤ ሽሮው፣ ዘይቱ፣ ከሰሉ ከቀሪው ይወጣል። ደግሞ ራሷን ብቻ አይደለም የምታበላው። ቤት ውስጥ ሽማግሌ አለ። በሠላሳ አራት ዓመቷ ለሥራ ፍለጋ ከቤት ቤት መዞሩ ታያትና ባዶ ባልዲ ደፍታ ላዩ ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አለቀሰች፤ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ አበሰች። በስድስት ሰዓት መሳፍንት ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ብቅ ብሎ፣ ቤቷ ሄዳ ነጭ ቀሚስ ለብሳ እንድትመለስ፣ እንግዳ ፊት በሥራ ልብስ እንዳትታይ አዘዛት። «እሺ ጋሼ» አለችው። እንዲህ ናት እስከዳር፤ የሚያንገበግባትን ነገር ሁሉ «እሺ» ብላ ትውጠዋለች።

ቤቷ ከሆቴሉ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ፣ አልጋ አንድ፣ ፍራሽ አንድ። አልጋው የአባቷ ነው፤ ፍራሹ የእሷ። በሩ አጠገብ የውሃ በርሜል አለ። የማርቆስ ነፋስ ክዳኑን እያነሳ ስለሚጥለው፣ በላዩ ላይ አንዲት የደበዘዘች ሰማያዊ ኳስ ተቀምጣበታለች። ሦስት የጣት ቀዳዳዎች አሏት፤ ክብደቷ የአንድ ሕፃን ያህል ነው። አባቷ አቶ ይስማው ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሀብት ይህች ኳስና አንድ ሳጥን ልብስ ብቻ ነው። ጎረቤቱ «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ኳስ ይዞ መጣ» እያለ ሲስቅ ከረመ። እስከዳር ግን አልሳቀችም። ሦስት ዓመት ሲሆናት ጥሏት የሄደ አባት፣ መጀመሪያ ለፋሲካ እየመጣ፣ ኋላ ለፋሲካም መምጣቱን እየተወ፣ እናቷ ሥራነሽ ስትሞት ለቀብር ደርሶ በአርባዋ የተመለሰ አባት፣ የሠራበት ቤት ሲዘጋበት ነው ልጅ እንዳለው ትዝ ያለው። ይህን አንድም ቀን በአፏ አላለችውም። ኳሷን አንስታ በርሜሉ ላይ አስቀመጠቻት፤ አለቀ።

እሱም ማታ ማታ ኳሷን ከበርሜሉ ያወርዳል፣ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል፣ አልጋው ሥር ያሳድራታል፤ ጠዋት እሷ ሳትነቃ መልሶ ክዳኑ ላይ ያስቀምጣታል። እሷም ታያለች፤ እንዳላየ ትሆናለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። «እንዴት አደሩ?» ትለዋለች። «እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ነፋሱ በርትቷል» ይላታል። እርስዎ ትለዋለች፤ እርስዎ ማለት ለአባት ወግ ነው። «አባባ» ብላ ጠርታው ግን አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ደርሶ ይመለስባታል።

ያን ቀን ስትገባ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ሽሮ አሞቀች፤ አቀረበች፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። ከውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። አንድ ሁለቴ ከጎረሰች በኋላ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ለማን ልንገረው ብላ ብታስብ ከእሱ ሌላ ሰው እንደሌላት ገባት፤ ይህም በራሱ አናደዳት።

«ከነገ ጀምሮ ሥራ የለኝም» አለች።

«ምነው?»

«ጣውላ አጠብሽ ብለው።»

ይስማው ቀና አለ። «በምን አጠብሽው?»

«በፍል ውሃና በዱቄት ሳሙና። ሁለት ጊዜ።»

ሽማግሌው የታመመ ጥርሱን እንደተነካ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ቁጣ ይመጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ኳሱ ታዲያ ወዴት ዞረ?» ሲል ጠየቃት። ወደ ግራ፣ አለችው፤ ግማሽ ሳይሄድ። የሚያብረቀርቅ ነው ወይ? እንደ መስታወት። «እንግዲያው ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም» አለና እጁን ታጥቦ ወደ በርሜሉ ሄደ፤ ኳሷን አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልተናገረውን ያህል ተናገረ። ይኼ አዲሱ ዓይነት ኳስ ዘይት ለጠገበ ጣውላ የተሠራ ነው፤ ደረቅ ካገኘ ቶሎ ይነክስና ያብዳል። ፕላስቲኩ ደግሞ ዘይትም ይኑር አይኑር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መዞር ብሎ ነገር አያውቅም። «ይቺ ዩሬቴን ከሚባል ጎማ መሰል ነገር የተሠራች ናት። ዘይት በበዛ ቀን ትሰንፋለች። ደረቁ ላይ ግን ከመነሻዋ ጀምሮ መሬቱን ያዝ ያዝ እያደረገች፣ ቀስ ብላ ነው የምትዞረው። አትደነብርም። ዘይት ባለቀብን ቀን ጨዋታ የሚያውቁት ሁሉ ይችን ዓይነቷን ነበር የሚይዙ።»

አባቷ አዲስ አበባ ውስጥ «ኳስ ቤት» እንደሚሠራ እናቷ ትነግራት ነበር፤ እሷ ግን ሁልጊዜ እግር ኳስ ነው የመሰላት፤ ስታዲየም በር ላይ ቲኬት የሚቆርጥ። ኳሷንም ስታይ የሆነ የከተሜ መጫወቻ ነው ብላ አለፈቻት።

«ከቀኝ ዳር አሥረኛዋ ጣውላ፣ አሁንም ጠቁራ አለች?» አላት።

«እሷን እንዴት አወቋት?» አለች ደንግጣ። መስመሩ ሠላሳ ዘጠኝ ጠባብ ጣውላ እንዳለው እየቆጠረች ስለምትጠርግ ታውቃለች፤ አሥረኛዋ ላይ ደግሞ ሁለት ክንድ የሚሆን ጥቁር ቁራጭ አለ። «ቆሻሻ መስሎኝ በሽቦ ስፈትጋት ነው የከረምኩ።»

ይስማው ሳቀ። ሲስቅ አይታው ስለማታውቅ መጀመሪያ ሳል መሰላት። «አትለቅም። ወይራ ናት። ጣውላው ተሰንጥቆ ጌቶቹ ሲጨነቁ፣ ለፋሲካ እዚህ መጥቼ ከይጁቤ ያስጠረብኩት ወይራ ነው፤ በአንበሳ አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኜው ሄድኩ። እኔው ነኝ የተከልኳት።» በእጁ ወደ መንገዱ አመለከተ። «አይሱዙው በዚህ ሲያልፍ ሸራው ተገልጦ ነበር። ሳያት ነው ያወቅኋት።»

«ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ ካላነሳሽው ብዬ ነው» አለ፤ ኳሷን በመዳፉ እያሸ። «እኔ ምን አፍ አለኝ ባንቺ ላይ?»

እስከዳር ሳህኑን አነሣች። ነጭ ቀሚሷን ከመጋረጃው ኋላ ቀየረች። ስትወጣ ሽማግሌው ኮቱን ደርቦ፣ ኳሷን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። «ዘጠኝ ሰዓት ነው ያልሽው? እንሂድ» አላት። አይሆንም ልትል ነበር፤ ሆኖም የበርሜሉን ክዳን ነፋሱ አንስቶ ሲያንኳኳው ሰምታ ቀልቧ ተከፈለ፤ ዘወር ስትል እሱ ቀድሟት ወጥቷል። ኮረብታውን በእግር አይችለውም ብላ ባጃጅ አስቆመች። ለሁለት አራት ብር። ሹፌሩ ጥቅሉን አየት አድርጎ «አባቴ፣ ዱባ ነው? ከየት አገኙት በዚህ ወቅት?» አለ። ይስማው «አዎ፣ ዱባ ነው» ብሎ ለእስከዳር ዓይኑን ጠቀሰ። እሷም ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋን ወደ መንገዱ አዞረችው።

የኳስ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከፊት ወንበር ላይ አባ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ጠበሉን ረጭተው ጨርሰዋል፤ ጣውላውም ደርቆ እንደ ድንጋይ ወለል ጸንቶላቸው አላዳለጣቸውም። ከኋላቸው የከተማው ነጋዴ፣ ባንክ ቤቱ፣ መምህሩ በየማዕረጉ ተደርድሯል። አቶ ፍሥሐ የሚያብረቀርቅ ኳሱን ታቅፎ የልጅ ለቅሶ ሊያለቅስ ደርሷል፤ እንግዳ ፊት ቦይ ውስጥ ከሚከት ባይለቀው ይሻለዋል። መሳፍንት እስከዳርን ከሽማግሌ ጋር ሲያይ ፈጥኖ መጣ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ሽማግሌ ይዘሽ መግባት ማን ፈቀደልሽ?» አለ በጥርሱ መሐል። ይስማው በእርጋታ አልፎት ሄዶ አቶ ፍሥሐ ፊት ነጠላውን ፈታ።

«ዩሬቴን!» አለ አቶ ፍሥሐ። «ይኼ እኮ ድሮ... ከየት አመጡት አባቴ?»

«ከዚያው ከናንተ ቤት ነው፤ ይኼ ጣውላ ከነበረበት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ።»

«እኔ እዚያ አሥር ዓመት ተጫውቻለሁ። አይቼዎት ግን አላውቅም።»

«አያዩኝም። እኔ ከፒኖቹ ኋላ ነበርኩ፤ የወደቀውን የማቆም፣ ኳሱን በሐዲዱ የምመልስ፣ ጠዋት ጣውላውን ዘይት የምቀባ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው እግር ብቻ ነው። እግርዎን ግን አውቀዋለሁ፤ አራት ይራመዱና በግራዎ ይንሸራተታሉ። የቀኝ ጫማዎ ጫፍ ቶሎ ይበላ ነበር።»

አቶ ፍሥሐ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። ሰው ሁሉ አብሮ አየ። የቀኙ ጫፍ በእርግጥም ተበልቷል። እትዬ የብርጓል ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጡ፤ ማን እንደሆነ ሲጠይቁ እስከዳር ወደፊት አንድ እርምጃ ራመድ አለች። ዕድሜ ልኳን «እሺ» ያለች ሴት ያን ጊዜ ምን እንደነካት እሷም በኋላ ስትጠየቅ አታውቀውም፤ እኔ ግን ሳስበው፣ የተበላችው የጫማ ጫፍ ናት ድፍረት የሰጠቻት። ማንም ያላየው ሰው ሁሉን ሲያይ መኖሩ ነው።

«አባቴ ነው» አለች። «እትዬ፣ ጣውላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እጠቢው ያሉኝ ደግሞ አቶ መሳፍንት ናቸው፤ አባ እንዳያዳልጣቸው ብለው። ዘይቱ ለጨዋታ መሆኑን እኔም አላወቅኩ፣ እሳቸውም አላወቁ። ጠዋት ግን በገዛ እጇ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

መሳፍንት ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ቀድመው የተናገሩት አባ ወልደ ገብርኤል ናቸው። «ኧረ በሥላሴ!» አሉ፤ «እኔ እንዳልወድቅ ብላችሁ ይቺን ልጅ ልትጥሏት ነው እንዴ?» ጥቂት ሰው ሳቀ። እትዬ የብርጓል አልሳቁም። መሳፍንትን ከእግር እስከ ራሱ ሰፈሩት፤ እንደ ጤፍ ነጋዴ ነው የሰፈሩት፤ «አንተን በኋላ አነጋግርሃለሁ» አሉት። ወደ ሽማግሌው ዞረው ደግሞ፣ «እንግዳው ተቀምጦብኛል። ይቺ ያመጧት ነገር በደረቁ ላይ ትሄዳለች?» ሲሉ ጠየቁ።

«ትሄዳለች።»

አቶ ፍሥሐ ተቀብሎ ጣቶቹን ወደ ቀዳዳዎቹ ሰደደ፤ ከመጀመሪያው አንጓ አላለፉም። ኳሷ ደርግ በወደቀ ጊዜ ከአገር የወጣች የአንዲት ቀጭን ፈረንጅ እመቤት ኖራለች፤ ለይስማው ትታለት ነው የሄደችው። «እንግዲያው እርስዎ ይክፈቱልን» አለ አቶ ፍሥሐ ኳሷን እየመለሰለት። «ከእርስዎ የተሻለ ማን ያውቃል?»

ይስማው ኳሷን እንደያዘ አቀረቀረ። «እኔ ወርውሬ አላውቅም» አለ። «ሠራተኛ አይወረውርም ነበር።»

እስከዳር ዞር ብላ አየችው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እሷና እናቷ በክረምት ጭቃ ሲንቦራጨቁ፣ እሱ በዚያ በትልቁ ከተማ እየተጫወተ የሚኖር ይመስላት ነበር። ቂሟ የቆመው በዚያ ላይ ነበር። ሽማግሌው ግን ቀና ብሎ እጇን እያየ ነው። «እስቲ እጅሽን» አላት። በሳሙና የተላጡ ቀጫጭን ጣቶቿን አንድ በአንድ ከቀዳዳዎቹ አስገባቸው። ልክ ናቸው።

«ኧረ እኔ...» አለች።

«ስሚኝ ልጄ። አትወርውሪው፤ ልቀቂው ነው። መዳፍሽን ሰው እንደምትጨብጪ አድርጊው፤ አውራ ጣትሽ ቀድሞ ይውጣ። ፒኖቹን አትዪ። ሁሉም ፒኖቹን እያየ ነው የሚስት። ጥቁሯን ጣውላ እዪ። በእሷ ላይ ካለፈች የቀረውን ራሷ ታውቃለች።» ይህን ብሎ ከእንግዶቹ ፊት በዳሩ በኩል ተራምዶ፣ ከመስመሩ ጫፍ ወዲያ ገባ፤ ፒኖቹን አየት ሳያደርግ በእጁ ብቻ እያስተካከለ አቆማቸው፤ ከዚያ ኋላ ካለው ከፍታ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። ከሩቅ የሚታየው እግሩ ብቻ ሆነ።

እስከዳር ጥቁሯን ጣውላ አየቻት። ሦስት ሳምንት በሽቦ የፈተገቻት ጣውላ ናት፤ በዓይኗ ሳይሆን በጉልበቷ ነው የምታውቃት። ጎንበስ አለችና ለቀቀች። ኳሷ ቀስ ብላ ነው የሄደች። በወይራዋ ላይ አለፈች፤ ወደ ቀኙ ቦይ እያዘነበለች፣ እያዘነበለች ሄደች፤ ከኋላ አንዱ «ገባች!» አለ፤ አልገባችም። ዳሩ ላይ ስትደርስ እንደ መጠራጠር አለችና ጣውላውን ይዛ ወደ መሐል መመለስ ጀመረች፤ ሳትቸኩል፣ ሳትደነብር፣ ሽማግሌው እንዳለው። ፒኖቹ ሲወድቁ የተሰማው ድምፅ የእንጨት ክምር እንደመናድ ነበር። ስምንት ወደቁ፤ ሁለቱ ቆመው ቀሩ። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ፍሥሐ እንደ ልጅ አጨበጨበ። እትዬ የብርጓል ወደ እስከዳር ጠጋ ብለው፣ «ነገ በሰዓትሽ ግቢ» አሏት። «አባትሽንም ይዘሽ ነይ። ዘይት ስንት እንደሚፈስ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል።»

እንግዶቹ ለራት ወደ ዋናው አዳራሽ ሲሄዱ ፀሐይዋ ገና ነበረች፤ በምዕራቡ መስኮት ገብታ ጣውላው ላይ ተጋድማለች። እስከዳር ቀሚሷን ሰብስባ የተጣሉ ብርጭቆዎች ትለቅማለች፤ አባቷ ከወዲያ ጫፍ የመጨረሻዎቹን ፒኖች ያቆማል። ብርጭቆዎቹን አስቀመጠች።

«ቤቱ የተዘጋ ቀን እንኳ አልወረወሩም?»

«የዚያን ቀን ሠራተኛው ሁሉ በየተራ ወረወረ» አለ ከዚያው ሆኖ። «እኔ አቆምኩላቸው። እየወረወሩ እየተሰናበቱ ሄዱ። የኔ ተራ ሲደርስ ከኋላ የሚቆምልኝ ሰው አልቀረም። ኳሷን ይዤ መጣሁ።»

እስከዳር ጫማዋን አወለቀች። በዳሩ በኩል ሄዳ ፒኖቹ ጋ ደረሰች፤ ሽማግሌውን በክንዱ ይዛ ከከፍታው አወረደችው፤ «በሉ ሂዱ» አለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ ሲገባው ኮቱን ቆለፈ። ሳይከራከራት ሄደ። እሷ በእሱ ቦታ ተቀመጠች። ቦታው ጠባብ፣ አቧራማ፣ ጨለም ያለ ነው፤ ጣራው ዝቅ ስለሚል ቀና ማለት አይቻልም። ከዚያ ወደ ውጭ ስትመለከት የሚታይ ሰው የለም። በሩቅ፣ በፀሐዩ ውስጥ፣ ካልሲ የሌለባቸው አሮጌ ጥቁር ጫማዎች ቆመው ታዩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለካ የኖረው እዚህ ነው። በዚያው ሰዓት የጎደለባት ዘመን ሁሉ አልተመለሰላትም፤ ፋሲካዎቹም፣ የእናቷ ለቅሶም አሉ። ቢሆንም እንባዋ መጣ፣ እንባዋንም አልጠረገችውም።

ጫማዎቹ አልተንቀሳቀሱም። ፈርቷል።

«አባባ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ጣውላውን ተከትሎ ሄደ። «እዚህ ነኝ! ይልቀቋት!»

ጣቶቹ ከቀዳዳው ስለማይገቡ በሁለት እጁ ነው ገፍቶ የለቀቃት። ኳሷ ከዚህ ወገን ሲያዩዋት ሌላ ናት፤ እየጎላች፣ እየጎላች፣ የጣውላውን ድምፅ ይዛ ወደ ሰው ነው የምትመጣው። ወይራዋን ከሩቅ ሳተቻት። ልትቆም እስክትደርስ ዘገየች፤ ቢሆንም መጣች፤ ዳር ያለውን አንድ ፒን ነካ አድርጋ ጣለችና አረፈች።

«ስንት ወደቀ?» አለ ከዚያ ማዶ፤ ድምፁ የሕፃን ነው።

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

እስከዳር ኳሷን በሁለት እጇ አነሣች፤ ሐዲዱ ላይ አስቀምጣ ወደ እሱ ገፋቻት። የወደቀውን ፒን አቆመች።

«ይድገሙት አባባ» አለች። «አሥሩም እስኪወድቁ የትም አልሄድም።»